ሁሉንም ጎመን የተከልኩበት ዓመት

ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም.፣ አንድ ማለዳ። ሆለታ አጠገብ ባለው የእናቴ ማሳ ላይ ጎንበስ ብዬ ጥቅል ጎመን እቆርጣለሁ። የምቆርጠው ለጎረቤት ላም ነው። ጎመኑ ምንም አልጎደለውም። ሞልቷል፣ ጠንክሯል፣ አንዳንዱማ ከመጠን በላይ ደርሶ ራሱን ሰንጥቋል። የጠፋው ገዢ ነው። ላሚቱ ግን ደስ ብሏታል።

በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት የሰው ብር ስቆጥር ኖሬ የራሴን ሳልቆጥር ከሰርኩ። ይህን የምጽፈው «ትንሽ መሬት አለኝ፣ አትክልትና እንጆሪ ብጀምር ያዋጣል ወይ?» እያሉ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ነው። ያዋጣል። እኔ ግን ማዋጣቱን ለማየት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱን እናንተ መዝለል ትችላላችሁ ብዬ አምናለሁ።

መሬቱ ሩብ ሄክታር ነው፤ ማለትም 2,500 ካሬ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ይገኛል። ግማሹ ቀይ አፈር ነው። የቀረው ወደ ታች ወርዶ ጥቁር መሬት ይሆናል፤ ክረምት ላይ እግር ውጦ ጫማ የሚያስቀር ዓይነት። ይህ ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያኔ አላውቅም ነበር። አፈር ያው አፈር ይመስለኝ ነበር።

ጎመኑን የተከልኩት ለምን መሰላችሁ? ሐምሌ ላይ ገበያ ወጥቼ ጥቅል ጎመን ተወዶ ስላየሁ ነው። በቃ፣ ጥናቴ ይኸው ነበር። ነሐሴ ላይ ችግኝ አፈላሁ። መስከረም ላይ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ሞላሁት። ታኅሣሥ ሲደርስ ወደ 8,000 ራስ ጎመን በአንድ ሳምንት ውስጥ ደረሰልኝ። ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው ሰው ሁሉ ደረሰለት፤ ለካ ሐምሌ ላይ ሁላችንም ያንኑ ገበያ ወጥተን ያንኑ ዋጋ አይተን ነው የተመለስነው። ደላላው ማሳው ድረስ መጥቶ ዞር ዞር አለና ዋጋ ነገረኝ። የችግኙን ወጪ እንኳ አይሸፍንም። ተናደድኩ። «እህቴ፣ እንደ ፈለግሽ። ሳምንት ለከብት ትሰጪዋለሽ» አለኝ። ሰውዬውን እስከ ዛሬ አልወደውም፤ የተናገረው ግን ልክ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ዛሬ ገበያ ላይ የምታዩት ውድ ዋጋ ከሦስት ወር በፊት ጥቂት ሰው የተከለው ምርት ዋጋ ነው። እናንተ ዛሬ የምትተክሉት ደግሞ የሚሸጠው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዋጋውን አይቶ የተከለው ሁሉ አብሯችሁ ይደርሳል። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ተብሎ የሚዘራ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ይሳካለታል፤ የተሳካለት ሰው ወሬ ደግሞ ከከሰረው ሰው ወሬ በጣም ይሮጣል።

የሚቀጥለው ክረምት ድንች ተከልኩ። ድንች ይሻላል ብዬ ነው፤ ካልተሸጠም ይበላል፣ እንደ ጎመን አያጣድፍም። የሆለታን ክረምት ግን አልቆጠርኩትም። ዝናቡ ሳያቋርጥ ሲወርድ፣ ጉሙም እስከ ረፋድ አልነሳ ሲል፣ በቅጠሉ ጫፍ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ታየ። ማለዳ ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው በጥቁሩ ዙሪያ ስስ ነጭ ሻጋታ አለ። በሳምንቱ ማሳው የፈላ ውሃ የተደፋበት መሰለ። የአካባቢው ሰው «ምች መታው» ይላል። ባለሙያዎቹ ሌት ብላይት ይሉታል። በእርጥብና ቀዝቃዛ አየር የሚጋልብ በሽታ ነው።

እኔም ሮጬ መድኃኒት ገዛሁ። የሸጠልኝ ልጅ «ሁለቱን ቀላቅለሽ ርጪ፣ ይበረታል» አለኝ። ቀላቀልኩ። በየአራት ቀኑ አስረጨሁ። የሚረጨው የቀን ሠራተኛ አፍና አፍንጫውን በሻሽ ብቻ ሸፍኖ ነበር፤ ጓንት እንኳ አላሰብኩለትም። ማታ ላይ «ራሴን አዞረኝ» ሲለኝ ወተት ገዝቼ ሰጠሁት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ወተት መርዝ አያወጣም።

ከድንቹ ጎን ሁለት መስመር ቆስጣ ነበረኝ። ነፋሱ እየወሰደ መርጨቱ እሱም ላይ ያርፋል። አንድ ቅዳሜ ከዚያ ቆስጣ ቀጥፌ ለቤት ይዤ ሄድኩ። ኩሽና ውስጥ ላጥበው ስል እጄ ቆመ። ከተረጨ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ወጥቼ የጠርሙሱን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ከመጨረሻው ርጭት በኋላ ስንት ቀን ሳይቆረጥ መቆየት እንዳለበት በግልጽ ተጽፏል፤ ሦስት ቀን ግን አይልም። ቆስጣውን ደፋሁት። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ግን ከዚያው መስመር ሁለት ጆንያ ሸጬ ነበር። ለልጄ ማብላት የፈራሁትን ለሰው ልጅ ሸጥኩ ማለት ነው። ከጎመኑ ኪሳራ ይልቅ ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እንግዲህ «ኬሚካል የሚባል አልነካም» ብላችሁ እንድትምሉ እየመከርኩ አይደለም። የጠርሙሱን ወረቀት ሳታነብቡ ግን አትርጩ። ሻጭ ስላላችሁ ብቻ ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። የሚረጨው ሰው ጓንት፣ ቦቲ፣ መነጽርና ትክክለኛ ጭምብል ከሌለው አይረጭ።

ድንቹ ሲያልቅ ወደ እንጆሪ ዞርኩ። እንጆሪ ስል ስትሮቤሪውን ነው። በልጅነታችን ከእሾህ መሃል እየለቀምን እጃችን የሚቧጨርበት የአጥር እንጆሪ ሌላ ነው፤ እሱ አሁንም ወንዙ ዳር አለ፣ ማንም አይተክለውም፣ ማንም አይከስርበትም። መስከረም 2011 ላይ 600 ችግኝ ገዛሁና ከሁሉም የለማ በመሰለኝ ቦታ፣ ድንቹ በተነሳበት መሬት ላይ ተከልኩት። ኅዳር ሲገባ የዳር የዳሩ ቅጠል ቡናማ እየሆነ መድረቅ ጀመረ። የሚገርመው መሃል ያለው ትንሹ ቅጠል አረንጓዴ ነው። ውሃ አነሰው ብዬ አጠጣሁ። በዛበት ብዬ ተውኩ። እስከ ጥር 400 የሚሆነው አለቀ።

አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ መጥተው ቆመው አዩ። እንጆሪ ተክለው አያውቁም። «ልጄ፣ ድንች የነበረበት አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እኔ ድንች ባነሳሁበት ባቄላ ነው የምዘራው» ብለው ሄዱ። በኋላ አንድ የምርምር ባለሙያ አንዷን ተክል ነቅሎ እያሳየኝ ያንኑ ነገር በሌላ ቋንቋ ነገረኝ። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ደበርጃን የዘመድ ያህል ናቸው። ቬርቲሲሊየም የሚባለው አፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ፈንገስ እነሱንም እንጆሪንም ያጠቃል። ከውጪ ወደ ውስጥ መድረቁ ዋናው ምልክቱ ነው። እና እነዚህ አራቱ በቅርብ ዓመታት በነበሩበት መሬት ላይ እንጆሪ አትትከሉ። ሌላ ቦታ ከሌላችሁ ጠብቁ።

ያ ባለሙያ ሌላም ውለታ ዋለልኝ። «አፈርሽን አስመርምረሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም። ከአሥር ቦታ ቆፍሬ፣ ቀላቅዬ፣ አንድ ኪሎ ያህል ወስጄ አስመረመርኩ። ቀዩ አፈር አሲዳማ ሆኖ ተገኘ፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 4.9። ለካ የዘራሁት ማዳበሪያ ሁሉ የት እንደሚገባ ያልገባኝ ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ፎስፈረሱ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ሥሩ አያገኘውም። ፎስፈረስ ያለበትን ዳፕ ማዳበሪያ በላይ በላይ ብጨምር ኖሮ ብሬን መቅበር ነበር። መፍትሔው ኖራ ነው፤ የቤት መቀቢያው ሳይሆን ለእርሻ የሚፈጨው። ከመትከሌ ሁለት ወር ቀደም ብዬ በትኜ ከአፈሩ ጋር አዋሃድኩት። እንጆሪ ትንሽ አሲድ ይወዳል፣ ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው ውስጥ ይመቸዋል፤ ስለዚህ ኖራውንም በልክ ነው። መጠኑን ከምርመራ ውጤታችሁ ጋር ይነግሯችኋል። በግምት አትበትኑ።

ፍግም በልክና በጊዜው ነው። እኔ ከበረት ትኩሱን አምጥቼ ጨምሬ ችግኙን አቃጠልኩት፤ የአረሙንም ዘር ከነነፍሱ አስገባሁ። ጥሬ ለሚበላ ነገር፣ ለሰላጣና ለእንጆሪ፣ ትኩስ ፍግ በጤናም አደገኛ ነው። አሁን ፍጉን ከጭድና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር እያነባበርኩ እከምረዋለሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጠዋለሁ፣ ሦስት አራት ወር ቆይቶ ጥሩ አፈር ሲሸት ነው ወደ መደብ የሚገባው። የደረሰ ኮምፖስት እጃችሁ ውስጥ ስትጨብጡት ይፈርሳል፣ አይሞቅም፣ ፍግ ፍግ አይልም።

ግንቦት 2011 ላይ መሬቱን እንደገና ከፋፈልኩት። ሙሉ ማሳ የሚለውን ሐሳብ ተውኩ። 1 ሜትር ስፋትና 20 ሜትር ርዝመት ያላቸው 60 መደቦች አወጣሁ፤ በመካከላቸው ግማሽ ሜትር መሄጃ። እያንዳንዱን ቁጥር ሰጠሁት። መደቡ ላይ ማንም አይረግጥም፣ እናቴም ጭምር። እማዬ ይህን ሕግ ለመቀበል አንድ ዓመት ፈጅቶባታል። ከመሄጃው ሩብ ሜትር ያህል ከፍ ማድረጌ በተለይ በጥቁሩ መሬት ላይ ነገሩን ለወጠው። ውሃው ይወርዳል፣ ሥሩ ይተነፍሳል።

ከዚያ ለመደቦቹ ተራ አወጣሁ። ጎመንና ጥቅል ጎመን የነበረበት ላይ ባቄላ ወይም አተር ይገባል። ከእሱ በኋላ ካሮትና ቀይ ሥር፤ ከእሱ በኋላ ሰላጣና ቆስጣ። ድንች በሁለት መደብ ተወስኖ ከእንጆሪው ርቆ ይዞራል። ባቄላው ሲያልቅ አልነቅለውም፣ ከአፈሩ አፍ ላይ አጭደዋለሁ፤ ናይትሮጅኑን የያዙት የሥሩ ጉብጉቦች እዚያው ይበሰብሳሉ። ሽማግሌው ጎረቤቴ ይህን አይተው «አሁን ገበሬ ሆንሽ» አላሉኝም። «አጥርሽ ፈርሷል» ነው ያሉኝ። ፈርሶም ነበር።

መስከረም 2012 ላይ ሁለተኛውን እንጆሪ በቀዩ አፈር ላይ ተከልኩ። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ብዙ ብር ያለቀው እዚህ ነው።

የእንጆሪ ችግኝ ሥሩና ቅጠሉ የሚገናኙበት አጭር ግንድ አለው። እሱ ከአፈሩ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ከፍ ካለ ሥሩ ይደርቃል። ጣቴን አስገብቼ እየለካሁ ነው የተከልኩት። በመደብ ሁለት መስመር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር። የመጀመሪያዎቹን አበቦች ለአምስት ሳምንት ያህል ቀጥፌ ጣልኩ። ይህ በጣም ያማል፤ ዓይናችሁ እያየ ብር እየቀጠፋችሁ ነው የሚመስለው። ግን ተክሉ መጀመሪያ ሥር ይስደድ። የሚልካቸውንም ሐረጎች ቆረጥኩ፤ ካልተቆረጡ ጉልበቱን ሁሉ ልጅ በማሳደግ ይጨርሰዋል።

ፍሬው አፈር እንዳይነካ ጉዝጓዝ ያስፈልጋል። የጤፍ ጭድ አለበስኩ። በወሩ መደቡ ጤፍ አበቀለ! ጭድ ከሆነ ዘሩ በደንብ የተወቃ መሆኑን እዩ፤ እኔ አሁን ሳያፈራ የታጨደ ደረቅ ሣር ነው የምጠቀመው።

ኅዳር ላይ ውርጭ መጣ። አንድ ጠዋት አበባዎቹ ነጭ ናቸው፣ ደህና ይመስላሉ፤ ጠጋ ብዬ ሳይ ግን መሃላቸው ያለው ቢጫው እንደ ዓይን ብሌን ጠቁሯል። እነዚያ አያፈሩም። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ያጣ ማታ ሲሆን መደቦቹን በአሮጌ አንሶላና በሻሽ እሸፍናለሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አነሳለሁ። ቀን ላይ አፈሩን ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይዞ ያድራል።

ውሃ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የእጅ ጉድጓዳችን መጋቢት ላይ ይወርዳል። በባልዲ ማጠጣት ሁለት ሰው ሙሉ ቀን ይይዛል። የመሥሪያ ቤት እቁብ ሲደርሰኝ 1,000 ሊትር ሮቶ ገዝቼ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ባለው እንጨት ላይ ሰቀልኩት፤ የጠብታ መስኖ ቱቦ ዘረጋሁ። በሁለተኛው ወር ግማሹ ቀዳዳ ተደፈነ። ማጣሪያ «ተጨማሪ ወጪ ነው» ብዬ ትቼው ነበራ! እናንተ ማጣሪያውን መጀመሪያ ግዙ፣ በየሁለት በየሦስት ቀኑ እጠቡት፣ በሳምንት አንዴ የቱቦዎቹን ጫፍ ከፍታችሁ ደለሉን ልቀቁ። ካስተካከልኩት በኋላ ማጠጣቱ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም፤ ቅጠሉም ስለማይረጥብ በሽታ ቀነሰ።

የካቲት ላይ እንጆሪው በደንብ መጣ። አንድ ሆቴል ሁሉንም ሊወስድ ተስማማ። አንድ ገዢ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ደረሰኝ። የሂሳብ ሰው ይሄ ደስ ይለዋል። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። በሳምንቱ የሆቴሉ የግዥ ኃላፊ ደወለ፤ እንግዳ የለም። ብዙም ሳይቆይ አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ አትክልቱንም የምልክላት ነጋዴ ለጊዜው ከገበያው ወጣች። እንጆሪ ደግሞ አይጠብቅም። ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም፣ ከፍሪጅ ውጪ ሁለት ቀን ነው ዕድሜው። ሁሉን ጎመን የተከለችው ሴት አሁን ደግሞ ሁሉን ለአንድ ሰው ሸጣ ተገኘች። ያው ስህተት፣ ልብስ ቀይሮ።

የዚያን ዕለት 22 ኪሎ እንጆሪ ይዤ ኮንዶሚኒየማችን ደረስኩ። ምን ላደርገው? የብሎካችንን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ፎቶ ለጠፍኩ። ያ ግሩፕ እስከዚያ ድረስ ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ ጥበቃ ክፍያ ብቻ የሚወራበት ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ በሩ ላይ ሰልፍ ነው፤ ጭምብል አድርገው፣ ራቅ ራቅ ብለው። ጾም ስለነበር ጁስ ለመምታት የፈለገው ብዙ ነው። አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ግን እንጆሪውን አላዩትም። ከሥር ያለውን የጎመን ፌስታል እያዩ «በምን ውሃ ነው የበቀለው?» አሉኝ። በጉድጓድ ውሃ አልኳቸው። «እርግጠኛ ነሽ? የተበከለው የአቃቂ ወንዝ አይደለም?» አሉ። ከዚያ «በየሳምንቱ አምጪልኝ» አሉና የወሩን በቅድሚያ ከፈሉኝ።

ዘንቢሉ የተጀመረው እንዲህ ነው። ስድስት ጎረቤት፣ በየሳምንቱ ሐሙስ አንድ አንድ ዘንቢል፣ ወር ሲገባ ክፍያ። ሐሙስ ያልኩት ለዓርብ ጾም እንዲደርስ ነው። ዛሬ 34 ቤተሰብ ነው፤ ክፍያውም በቴሌብር ይገባል። ውስጡ የሚለዋወጠው ማሳው እንዳለው ነው፤ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ አንድ እስር ድንብላል፣ ትንሽ የጥብስ ቅጠል፣ በወቅቱ ደግሞ ግማሽ ኪሎ እንጆሪ።

ዘንቢሉ የዘራሁትን ብቻ ሳይሆን አዘራሬን ነው የቀየረው። 34 ቤተሰብ በየሳምንቱ ሰላጣ ይበላል። እንግዲያው በየሳምንቱ ሰኞ ግማሽ መደብ ሰላጣ ነው የምተክለው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሰላጣ ችግኙ ከተተከለ በሁለት ወር ውስጥ ይደርሳል። ካሮት በየሦስት ሳምንቱ አንድ መደብ። ቆስጣና የሐበሻ ጎመን የታችኛው ቅጠል እየተቀጠፈ ለወራት ስለሚሰጡ ጥቂት መደብ ይበቃቸዋል። የምትሸጡለትን ሰው ሳታውቁ ዘር አትግዙ የምለው ለዚህ ነው። አሥር ቤተሰብ ብታገኙ ለአሥር ዝሩ። ቀሪው መሬት ላይ ባቄላ ዝሩበትና አፈሩ ይረፍ።

ደብተርም ያዝኩ፤ በመጨረሻ! ለእያንዳንዱ መደብ ሦስት ነገር ብቻ እጽፋለሁ፤ ምን ገባበት፣ ስንት ሰዓት ተሠራበት፣ ስንት ብር ወጣለት። በዓመቱ ስደምረው አፈርኩ። በጣም እኮራበት የነበረው ካሮት ከሁሉ ያነሰ የሚያተርፍ ሆኖ ተገኘ። ማሳሳቱ፣ አረሙ፣ ማጠቡ ሰው ይበላል። እንደ አጥር የተከልኩት የጥብስ ቅጠል ደግሞ ማንም ሳይነካው በካሬ ከእንጆሪ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ካሮቱን ጨርሼ አልተውኩትም፤ ዘንቢሉ ያለ ካሮት ቅር ይላል። ግን ቀነስኩት።

ተባዩን በተመለከተ የምታምኑትን ምረጡ። እኔ ማለዳ ማለዳ መደቦቹን መዞር ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል ባይ ነኝ። ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ጎመኑ ላይ ሲጀምር በአንድ ሁለት ቅጠል ነው፤ ያን ጊዜ ቅጠሉን ቀጥፎ መቅበር ወይም በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል። ቆራጭ ትል ችግኙን ከሥሩ በጥሶ ካያችሁት አጠገቡ ያለውን አፈር በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉ፤ ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው የነጭ ሽንኩርትና የሚጥሚጣ ውሃ ይመክራል። ሞክሬዋለሁ፤ ዓይኔን እንጂ ክሽክሹን ሲያቃጥል አላየሁም። የሠራላችሁ ካላችሁ አልከራከርም።

እንጆሪ ለቀማ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ የተለቀመ ከሰዓት ሳይደርስ ይለሰልሳል። ከነቆቡ፣ በጥፍር አጭር አገዳ አስቀርታችሁ ቁረጡ። አታጥቡት፤ የሚበላው ሰው ነው የሚያጥበው። ከሁለት ሦስት ድርብ በላይ አትደርድሩ። የሻገተውን መደቡ ላይ አትጣሉት፤ ለቃሚዎቼ ሁለት ባልዲ ነው የሚይዙት፣ አንዱ ለጤናማው፣ አንዱ ለሻገተው፤ የሁለተኛው ራቅ ብሎ ይቀበራል። ወፍ መረብ ካልተዘረጋባት ከእናንተ ቀድማ ትለቅማለች፤ የምትመርጠውም በጣም የቀላውን ነው። እንጆሪ በሦስተኛ ዓመቱ ፍሬው ያንሳል። እኔ ካለኝ 12 መደብ በየዓመቱ አራቱን ነቅዬ በሌላ ቦታ አራት አዲስ እተክላለሁ፤ ችግኙም ከጤናማ እናቶች ከማስቀረው ሐረግ ነው የሚገኘው።

መልኩ ያላማረው ማርማላታ ይሆናል። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን በእንጆሪ ውስጥ ትንሽ ስለሆነ ሎሚ ይጨመርበታል፤ ሎሚው ቀለሙንም ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹን 15 ጠርሙሶች በሙቅ ውሃ አለቅልቄ ብቻ ሞላሁ፤ በወሩ አምስቱ ሻግተው ተመለሱ። ብሩን መለስኩ፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። አሁን ጠርሙሱም ክዳኑም ይቀቀላል፣ ማርማላታውም ትኩሱን ነው የሚገባው። ለጎረቤት ከመሸጥ አልፋችሁ ሱቅ ልታስገቡ ካሰባችሁ ግን ጉዳዩን ከፈቃድ ጀምሩ፤ ሱፐርማርኬት ያለ ብቃት ማረጋገጫ አይቀበልም። ስኳር ሲወደድ ደግሞ ትርፉ ይጠፋል፤ ያኔ ፍሬውን ቆርጬ በፍሪዘር አስቀምጥና ለጁስ ቤት እሸጠዋለሁ።

ከሥራዬ የለቀቅሁት በ2014 ነው፤ ዘንቢሉ ደሞዜን ለ12 ተከታታይ ወር ከሸፈነ በኋላ። ቀድማችሁ አትልቀቁ። ደሞዝ ያላት ሴት ጎመኗን ለላም ሰጥታ በማግሥቱ ሥራ ትገባለች፤ ደሞዝ የሌላት ምን እንደምትሆን አላውቅም።

አሁንም ያልፈታሁት ነገር ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንጆሪው በግራጫ ሻጋታ ያልቅብኛል፤ ደንበኞቼም በዚያው ወር ነው «እንጆሪ የለም?» የሚሉኝ። ዘንድሮ በቀርከሃ ቅስት ላይ ፕላስቲክ ወጥሬ ጎንና ጎኑን ለነፋስ ክፍት ልተወው አስቤያለሁ። ፕላስቲኩን የሚሸጠው ሰውዬ ለአሥራ ሁለቱም መደብ ብገዛ ዋጋ እንደሚቀንስልኝ ነገረኝ። የገዛሁት ለሁለት መደብ ነው።